ቁም ብለነው ቆመ፣ ሞተ ብለን ቀበርነው

ነገሩ የሆነው ሌሊት ነው። እኛ ሦስት ጓደኛሞች በአንድ መሥሪያ ቤት የኮምፒውተር ክፍል ተቀጥረን ገና ስድስት ወር አልሞላንም ነበር። የአሥራ አንድ ወር የደረሰኝ መዝገብ ከአሮጌው ሰርቨር ወደ አዲሱ እንድናዛውር ታዘዝን። ሥራው በማውዝ እየጠቆሙ የሚሠራ አይደለም። ጥቁር ስክሪን ላይ ትእዛዝ እየጻፉ ኢንተር የሚሉበት፣ ባለሙያዎቹ ኮማንድ ላይን፣ እኛ ደግሞ የትእዛዝ መስመር የምንለው ዓይነት ነው። ትእዛዙን ጻፍን፤ ኢንተር አልን፤ መዝገቡ መስመር በመስመር ይግተለተል ጀመር። ቦታ እንዳይጠበን ብለን ደግሞ የተዛወረውን ከአሮጌው ላይ እያጠፋ እንዲሄድ አድርገነዋል። (ይህን ያነበበ ባለሙያ ከወንበሩ ብድግ እንደሚል እናውቃለን። ምን ይደረግ፣ ልጆች ነበርን።)

ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ላይ ከመካከላችን አንዱ፣ ማን እንደነበር እስከ ዛሬ ያልተስማማንበት አንዱ፣ በጽሑፍ ፕሮግራም ላይ እንደለመደው «ሴቭ ላድርገው» አለና ኮንትሮልን ይዞ ኤስን ተጫነ። ሁሉ ነገር ቀጥ አለ። ኢንተር ብንል መልስ የለም። ቀስቶቹን ብንጫን መልስ የለም። አሥር ደቂቃ ጠበቅን፤ ግማሽ ሰዓት ጠበቅን። በመጨረሻ «ሞቷል» ብለን ፈረድንና ገመዱን ነቀልን።

መልሰን ስናስነሣው የመዝገቡ ግማሽ የለም፤ ያለውም ተበላሽቷል። የተረፈው ቅጂ የሦስት ወር ዕድሜ ያለው ነበር። ቅዳሜና እሑድን ጨምሮ ዘጠኝ ቀን ሙሉ ከገንዘብ ያዧ ጋር ተቀምጠን ከወረቀት ደረሰኝ ላይ እንደገና ጻፍነው። እትዬ አልተቆጡንም። ያሉን አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ልጆቼ፣ ወረቀት እኮ ገመድ ስለተነቀለ አይጠፋም።»

በአሥረኛው ቀን መሥሪያ ቤቱ አልፎ አልፎ የሚያማክራቸው አንድ አንጋፋ ባለሙያ መጡ። የሆነውን ነገርናቸው።

«ከመንቀላችሁ በፊት መጨረሻ የነካችሁት ቁልፍ ምን ነበር?»

«ኮንትሮል-ኤስ ነው፣ ጋሼ።»

መነጽራቸውን አወለቁ። «እንዲያ ከሆነማ አልሞተም ነበር። ቁም አላችሁት፤ ቆመ። ኮንትሮል-ኪው ብትሉት ካቆመበት ይቀጥል ነበር።»

«ኤስ ማለት ቁም ነው ያለው ማን ነው?»

«እሱን ለማወቅ ስክሪን ወዳልነበረበት ዘመን መሄድ አለባችሁ» አሉን።

ሄድን። ይህ ጽሑፍ ከዚያ መንገድ ያመጣነው ስንቅ ነው። ያገኘነው ግን ከጠበቅነው ተቃራኒውን ነበር። እነዚያ ፈጣን ሰዎች በትእዛዝ መስመር ላይ እጃቸውን ከኪቦርድ ሳያነሡ የሚጠቀሙባቸው አቋራጭ ቁልፎች ለፈጣን ማሽን የተፈጠሩ ይመስለን ነበር። ለካስ አብዛኞቹ የዘገምተኛ ማሽን ልጆች ናቸው። ታሪካቸውን ብናውቅ ኖሮ ደግሞ ያ መዝገብ አይጠፋም ነበር። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

ወረቀት የሚበላው ማሽን

በ1963 ቴሌታይፕ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ሞዴል 33 የሚባል ማሽን አወጣ። መልኩ የጽሕፈት መኪና ነው። ልዩነቱ ከሽቦ መስመር ጋር መገናኘቱ ነው፤ እዚህ የተጫኑት ፊደል እዚያ ይደርሳል፣ ከዚያ የመጣው እዚህ ይታተማል። ስክሪን የለውም፤ የሚጽፈው በጥቅል ወረቀት ላይ ነው። ፍጥነቱ በሰከንድ 10 ፊደል ነበር። ሁለት ሺህ ፊደል ያለው አንድ ገጽ አትሞ ለመጨረስ ከሦስት ደቂቃ በላይ ይፈጅበታል ማለት ነው። ከጎኑ ደግሞ የወረቀት ጥብጣብ እየበሳ ጽሑፍ የሚያስቀምጥ፣ የተበሳውንም መልሶ የሚያነብ ክፍል የተገጠመለት ዓይነት ነበረው።

በዚያው በ1963 አስኪ የሚባለው የፊደል ቁጥሮች ሠንጠረዥ ታተመ። ሠንጠረዡ ያለው 128 ቦታ ብቻ ነው። ከእነዚህ ውስጥ የመጀመሪያዎቹ 32 ለፊደል አልተሰጡም፤ ለማሽኑ ለራሱ ለሚነገሩ ትእዛዞች ተያዙ። ደወል ደውል፣ ወደ መስመሩ መጀመሪያ ተመለስ፣ ወረቀቱን አንድ መስመር ሳብ፣ ጥብጣቡን ማንበብ ጀምር፣ ማንበብ አቁም፣ ወዘተ።

ታዲያ ለእነዚህ ሁሉ ትእዛዞች ተጨማሪ ቁልፍ ማን ይሠራል? ኪቦርዱ በር ያህል ሊሰፋ ነው። መፍትሔው ኮንትሮል የተባለው ቁልፍ ሆነ። አሠራሩ ቀላል ሒሳብ ነው፦ ኮንትሮልን ይዘው አንድ ፊደል ሲጫኑ ከፊደሉ ቁጥር ላይ 64 ይቀነሳል። ኤ 65 ነው፤ ከኮንትሮል ጋር 1 ይሆናል። ጂ 71 ነው፤ 7 ይሆናል። 7 በሠንጠረዡ ላይ ደወል ነው፤ ያኔ ማሽኑ ውስጥ እውነተኛ የብረት ደወል ነበር። ኤች 8 ይሆናል፤ አንድ ፊደል ወደ ኋላ። አይ 9 ይሆናል፤ እሱ ታብ ነው። ጄ 10 ይሆናል፤ ወረቀቱን ሳብ። ኤም 13 ይሆናል፤ ወደ መስመሩ መጀመሪያ ተመለስ። ኢንተር የምንለው ይኸው 13 ነው። ዛሬም የትእዛዝ መስመር ከፍታችሁ ኮንትሮል-ኤም ብትጫኑ ኢንተር እንዳላችሁ ይቆጠራል። ሞክሩት።

አሁን ወደ ቀበርነው ማሽን እንመለስ። ኪው 81 ነው፤ 64 ሲቀነስ 17። ኤስ 83 ነው፤ 64 ሲቀነስ 19። በሞዴል 33 ላይ 17 ማለት ጥብጣቡን ማንበብ ጀምር ነው፤ 19 ማለት አቁም ነው። ከወዲያኛው ጫፍ ያለው ኮምፒውተር የሚጎርፍለትን መዋጥ ሲያቅተው 19ን ይልካል፤ ጥብጣቡ ይቆማል። ሲመቸው 17ን ይልካል፤ ጥብጣቡ ካቆመበት ይቀጥላል። ቆይቶ ስክሪን ሲመጣ ነገሩ ተገለበጠ። መዋጥ ያቃተው ሰውየው ሆነ። ጽሑፉ ሳያነበው ከስክሪኑ ጫፍ ሲያመልጥበት ኮንትሮል-ኤስ ብሎ ያስቆመዋል፤ አንብቦ ሲጨርስ ኮንትሮል-ኪው ይለዋል።

በዚያ ሌሊት የሆነው ይኸው ነው። እኛ «አስቀምጥ» ያልን መስሎን «ቁም» አልነው። ማሽኑ ታዛዥ ነበር።

ከወረቀቱ ዘመን ሳንወጣ አንድ ነገር እንጨምር። የተበሳ ወረቀት አይደፈንም። ታዲያ በጥብጣቡ ላይ የተሳሳተ ፊደል እንዴት ይሰረዛል? ሰባቱንም የፊደሉን ቀዳዳዎች በመብሳት። ሁሉም ሲበሱ ቁጥሩ 127 ይሆናል፤ 127ን ያየ ማሽን የለም ብሎ ያልፈዋል። ዲሊት በአስኪ ሠንጠረዥ ላይ ከትእዛዝ ወንድሞቹ ተለይቶ መጨረሻ ላይ ብቻውን የተቀመጠው ለዚህ ነው።

ፊደል የሚቆጥቡ ሰዎች

በ1969 በኒው ጀርሲ፣ በቤል ላብስ የምርምር ተቋም ውስጥ ኬን ቶምፕሰንና ዴኒስ ሪቺ ዩኒክስ የተባለውን ሥርዓት ጀመሩ። ከኮምፒውተሩ ጋር የሚነጋገሩት በዚሁ በቴሌታይፕ ነበር። የትእዛዞቹን ስም እዩ። ፋይሎቹን ዘርዝር ለማለት ኤልኤስ፤ ቅዳ ለማለት ሲፒ፤ አዛውር ለማለት ኤምቪ፤ አጥፋ ለማለት አርኤም። ሁሉም ሁለት ሁለት ፊደል። ቁልፉን በጣት ጉልበት እየገፉ በሰከንድ 10 ፊደል በሚያትም ማሽን ላይ ለሚውል ሰው እያንዳንዱ ፊደል ዋጋ ነበረው።

መሳሳትም ዋጋ ነበረው። ወረቀት ላይ የታተመ ፊደል ወደ ኋላ ተመልሶ አይጠፋም። ስለዚህ በመጀመሪያው ዩኒክስ የተሳሳተን ፊደል ለመሰረዝ ሃሽ የምንላትን የመሰላል ምልክት ይጽፉ ነበር፤ መስመሩን በሙሉ ለመሰረዝ ደግሞ ዛሬ ኢሜይል አድራሻ ውስጥ የምናስገባትን አት ምልክት። ስሕተቱም እርማቱም አብረው ወረቀቱ ላይ ይቀራሉ። ልክ እንደ ድሮ ደብተራችን።

ዛሬ በማንኛውም የሊኑክስ ማሽን ላይ የትእዛዝ መስመር የሚገባበት በር ቲቲዋይ ይባላል። የቴሌታይፕ አኅጽሮት ነው። ማሽኑ ሙዚየም ከገባ ቆየ፤ ስሙ ግን በየሰርቨሩ ውስጥ አለ።

ከዚያ ዘመን የወረስናቸው ሌሎች ሁለት ቁልፎችም ታሪካቸው እንዲሁ ነው። ኮንትሮል-ዲ 4 ነው፤ በአስኪ «ማስተላለፉ አበቃ» ማለት ነው። ዛሬም ባዶ መስመር ላይ ኮንትሮል-ዲ ስንል ሼሉ ተሰናብቶን ይወጣል። ኮንትሮል-ሲ ደግሞ 3 ነው፤ «ጽሑፉ አበቃ»። የመጀመሪያው ዩኒክስ የሚሮጥን ፕሮግራም የሚያቋርጠው በዲሊት ነበር፤ ኮንትሮል-ሲ የመጣው ከዲጂታል ኢኩዊፕመንት ኩባንያ ማሽኖች ልማድ ነው።

ታዲያ ኮንትሮል-ሲ «ቅዳ» አይደለም እንዴ? እዚህ ላይ ነው ሁለት ዓለም የተጋጨው። በ1970ዎቹ በዜሮክስ የፓሎ አልቶ ምርምር ማዕከል ላሪ ቴስለርና ባልደረቦቹ ቁረጥ፣ ቅዳ፣ ለጥፍ የሚለውን አሠራር ቀረጹ። አፕል በ1980ዎቹ መጀመሪያ ለዚህ ሥራ ከኪቦርዱ ታችኛ ረድፍ ዜድ፣ ኤክስ፣ ሲ እና ቪን መረጠ። ነገር ግን ኮንትሮልን አልነካም፤ ለብቻው ሌላ ቁልፍ አዘጋጀላቸው። በዊንዶውስ ዓለም ግን እነዚያው ፊደላት ከኮንትሮል ጋር ተጋቡ። ከዚያ ወዲህ ኮንትሮል-ሲ በአንዱ መስኮት ውስጥ «ቅዳ» ነው፤ በሌላው ውስጥ «አቋርጥ»። ኮንትሮል-ዜድ በአንዱ «የሠራሁትን መልስ»፤ በሌላው «አስተኛው»። ኮንትሮል-ኤስ በአንዱ «አስቀምጥ»፤ በሌላው «ቁም»። የሊኑክስ ተርሚናሎች ጽሑፍ ለመቅዳት ሺፍት ጨምሩበት የሚሉን ለዚህ ነው። እኛን የጣለን ጉድጓድም ይኸው ነው፤ በአንዱ ሰፈር ቋንቋ ሌላውን ሰፈር አዘዝነው።

ሀብታሙ ቤትና ድሃው ቤት

እስከዚህ ያወራነው ስለ ማቆምና ስለ ማቋረጥ ነው። የተጻፈን ትእዛዝ በፍጥነት ማረምስ ከየት መጣ? ከሁለት ቤት ነው።

የመጀመሪያው ቤት በማሳቹሴትስ የሚገኘው የኤምአይቲ ሰው ሠራሽ አእምሮ ቤተ ሙከራ ነው። እዚያ በ1976 ኤማክስ የተባለው ጽሑፍ ማረሚያ ተወለደ። ቴኮ በሚባል የቀድሞ ማረሚያ ላይ እያንዳንዱ ሰው የየራሱን አቋራጭ ይሠራ ስለነበር አንዱ በሌላው ኪቦርድ ላይ መሥራት አቅቶት ነበር። ጋይ ስቲል አቋራጮቹን አንድ የማድረጉን ሥራ ጀመረው፤ ሪቻርድ ስቶልማን ዳር አደረሰው። እነዚህ ሰዎች ሀብታም ነበሩ። ኪቦርዳቸው ከኮንትሮል ሌላ ሜታ የሚባል ቁልፍ ነበረው፤ የዛሬው አልት በትእዛዝ መስመር ላይ የሚተካው እሱን ነው። ፊደላቱንም በእንግሊዝኛው ቃል መነሻ መረጡ፤ ወደ ፊት ኤፍ፣ ወደ ኋላ ቢ፣ የመስመሩ መጨረሻ ኢ። የመስመሩ መጀመሪያ ደግሞ የፊደል ሁሉ መጀመሪያ የሆነው ኤ።

ግን የሀብታሙም ቤት መሠረቱ ወረቀት ነው። ቴኮን በ1960ዎቹ መጀመሪያ የሠራው ዳን መርፊ ነው። ስሙ መጀመሪያ ሲወጣ የጥብጣብ ማረሚያ የሚል ትርጉም ነበረው፤ ዓላማውም በወረቀት ጥብጣብ ላይ የተበሱ ፕሮግራሞችን ማረም ነበር።

ሁለተኛው ቤት በካሊፎርኒያ የበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ነው። እዚያ ቢል ጆይ የተባለ ተማሪ በዚያው በ1976 ቪአይ የተባለውን ማረሚያ ሠራ። ጆይ ራሱ በኋላ እንደተናገረው ፕሮግራሙን ያሰበው በ300 ቦድ ሞደም ላይ እንዲሠራ አድርጎ ነው። እንደ ቀላል አትዩት። 300 ቦድ በሰከንድ 30 ፊደል ያህል ነው። 80 ፊደል የሚይዙ 24 መስመሮች ያሉት ስክሪን 1920 ፊደል ይይዛል፤ አንድ ጊዜ ሞልቶ ለመሳል 64 ሰከንድ ይፈጃል። አንድ ቃል ባረሙ ቁጥር ስክሪኑ እንደገና ይሳል ቢባል ሰው ይሸብታል። ስለዚህ በቪአይ ውስጥ አንድ ፊደል አንድ ሙሉ ትእዛዝ ሆነ። በጥቂት ፊደል ብዙ መናገር የግድ ነበር።

ጆይ የሚሠራበት ተርሚናል ኤዲኤም-3ኤ ይባላል። ለብቻቸው የተቀመጡ የቀስት ቁልፎች የሉትም። ቀስቶቹ የተሳሉት በኤች፣ በጄ፣ በኬና በኤል ቁልፎች ላይ ነው። ለምን በእነሱ ላይ? ቅድም ያየነውን ሒሳብ አስታውሱ፦ ኮንትሮል-ኤች 8 ነው፣ አንድ ወደ ኋላ፤ ኮንትሮል-ጄ 10 ነው፣ አንድ መስመር ወደ ታች። የተርሚናሉ ሠሪዎች ኬን ወደ ላይ፣ ኤልን ወደ ቀኝ ብለው ጨመሩና አራቱን ጎን ለጎን አገኙ። ዛሬም የቪአይ ሰዎች በእነዚህ አራት ፊደሎች ይንቀሳቀሳሉ። ሆም የሚለው ቃልም ቲልድ ከተባለችው ጠመዝማዛ ሰረዝ ጋር በአንድ ቁልፍ ላይ ነበር። በትእዛዝ መስመር ላይ ያቺ ሰረዝ «ቤቴ» ማለት የሆነችው በዚህ ነው። ኮንትሮልም በዚያ ተርሚናል ላይ ከኤ አጠገብ፣ ዛሬ ካፕስ ሎክ በሰፈረበት ቦታ ነበር። ትንሿ ጣታችን ወደ ታችኛው ጥግ ስትዘረጋ የሚያማት እነዚህ ቁልፎች ሲመረጡ ኮንትሮል እዚያ ስላልነበረ ነው።

ሼሉ ምን ወረሰ?

ሼል የምንለው የጻፍነውን ትእዛዝ ተቀብሎ የሚያስፈጽመውን ፕሮግራም ነው። ቢል ጆይ በ1970ዎቹ መጨረሻ ሲ ሼል የተባለውን ሠራ፤ ሼሉም የተሰጡትን ትእዛዞች ማስታወስ ጀመረ። ሁለት ቃለ አጋኖ ጽፎ ኢንተር ማለት «የቅድሙን ድገመው» ማለት ሆነ። አሁንም እንደዚያው ነው። በኮንትሮል-ዜድ ሥራን አስተኝቶ በኋላ የመቀስቀሱን ዘዴ ደግሞ በዚህ ሼል ውስጥ መጀመሪያ የሠራው በኦስትሪያ ላክሰንበርግ በሚገኝ የምርምር ተቋም የነበረው ጂም ካልፕ ነው።

የቃል መነሻ ጽፎ የቀረውን ለማሽኑ መተው፣ ዛሬ በታብ የምናደርገው፣ ከቴኔክስ መጣ። ቴኔክስን ከሠሩት አንዱ ያው የቴኮው ዳን መርፊ ነው። ይህን ዘዴ ወደ ሲ ሼል ያመጣው ኬን ግሪር ሲሆን፣ ቲሲ ሼል የተባለው ሼል ስሙ ላይ ያለችው ቲ የቴኔክስ መታሰቢያ ናት። በ1983 ዴቪድ ኮርን ይፋ ያደረገው ኮርን ሼል ደግሞ ሁለቱን ቤቶች አስታረቀ፤ ተጠቃሚው የትእዛዝ መስመሩን በኤማክስ ወይም በቪአይ ልማድ እንዲያርም ፈቀደ። በ1989 ብራያን ፎክስ ለነፃ ሶፍትዌር ፋውንዴሽን ባሽ የተባለውን ሼል አወጣ፤ ካልተነገረው በቀር የኤማክስን ቁልፎች ይከተላል። ሊነስ ቶርቫልድስ በነሐሴ 1991 ሊኑክስን ለዓለም ሲያስተዋውቅ ይሠራሉ ብሎ ከጠቀሳቸው ፕሮግራሞች አንዱ ባሽ ነበር። ቁልፎቹ ወደ እኛ የመጡት በዚህ መንገድ ነው።

ታሪኩ ይህን ያህል ከሆነ ጥቅሙን ደግሞ ባጭሩ እንበል። ኮንትሮል-ኤ ወደ መስመሩ መጀመሪያ፣ ኮንትሮል-ኢ ወደ መጨረሻው ይወስዳል። አልት-ቢ እና አልት-ኤፍ በቃል በቃል ያራምዳሉ። ኮንትሮል-ደብሊው ከኋላ ያለውን አንድ ቃል ይቆርጣል፤ ኮንትሮል-ዩ እስከ መስመሩ መጀመሪያ፣ ኮንትሮል-ኬ እስከ መጨረሻው ይቆርጣል። የተቆረጠው አልጠፋም፤ ኮንትሮል-ዋይ መልሶ ይለጥፈዋል። ከሁሉ የምንወደው ግን ኮንትሮል-አር ነው። ከሳምንት በፊት የጻፋችሁትን ረጅም ትእዛዝ ሁለት ሦስት ፊደሉን ብቻ አስታውሳችሁ ወደ ኋላ ትፈልጉታላችሁ።

ወደ ኋላ መፈለጊያው ኮንትሮል-አር ከሆነ ወደ ፊት መፈለጊያውስ? ባሽ ለዚህ የመደበው ኮንትሮል-ኤስን ነው! ታዲያ በብዙ ማሽኖች ላይ ብትጫኑት አይፈልግም፤ ይቆማል። ትእዛዙ ባሽ ዘንድ ሳይደርስ በሩ ላይ ያለው ቲቲዋይ ነጥቆ «የጥብጣብ ማቆሚያ ነው» ይለዋል። ጥብጣብ የለም፤ አንባቢው የለም፤ ዘበኛው ግን አለ።

ኮንትሮል ሀ

እዚህ ላይ የራሳችንን ጥያቄ ጠየቅን። ፊደላችንስ? ሀን ከኮንትሮል ጋር ብንጫን ምን ይሆናል?

በአስኪ 128 ቦታዎች ውስጥ ግዕዝ ፊደል የለም። ኮንትሮል የሚሰጣቸው 32 ትእዛዞች በላቲን ፊደላትና በጥቂት ምልክቶች ተይዘው አልቀዋል። የኢትዮጵያ ፊደል በዩኒኮድ ሠንጠረዥ የገባው በ1999፣ በ3.0 እትም ነው። የሀ ቁጥር 4608 ሆነ። እንደ ልማዱ 64 ብንቀንስለት 4544 ይመጣል፤ እሱ ትእዛዝ አይደለም፣ የኮሪያ ፊደል ክፋይ ነው። ኮንትሮል ሀ የሚባል ነገር የለም።

ያም ሆኖ ፊደላችን በትእዛዝ መስመር ላይ ተቀምጧል። ያስቀመጠው ማን መሰላችሁ? ያው ፊደል ቆጣቢው ኬን ቶምፕሰን ነው። በ1992 ከሮብ ፓይክ ጋር በኒው ጀርሲ አንድ ምግብ ቤት ራት ላይ ሆነው በሳሕን ማስቀመጫ ወረቀት ላይ ዩቲኤፍ-8 የተባለውን አጻጻፍ ቀረጹ። በዚህ አጻጻፍ የቀድሞዎቹ 128 ባሉበት ይቆያሉ፤ ሌላው ፊደል ሁሉ ከ128 ጀምሮ ባሉ ቁጥሮች ብቻ ይጻፋል። የእኛ አንድ ፊደል ሦስት ባይት ይወስዳል፤ ከሦስቱ አንዱም ግን 3 ወይም 19 ሊሆን አይችልም። ስለዚህ በአማርኛ ጽሑፍ መካከል ሳይታወቅ «ቁም» ወይም «አቋርጥ» የሚል ትእዛዝ ተደብቆ አይገባም። ሰውየው የድሮውን በር ሳያፈርስ ነው ለእኛ ቤት የሠራው።

እርማቱ ግን ዘግይቶ መጣ። መስመሩን የማረሙ ሥራ ለሊኑክስ እምብርት ሲተው፣ ማጥፊያውን አንድ ጊዜ መጫን የሚሰርዘው አንድ ባይት፣ ማለትም የፊደላችንን ሢሶ ነበር። ከአንድ ሀ ሁለት እጁ ይቀራል። ማጥፊያው ሙሉ ፊደል እንዲቆጥር የሚያደርገው ምልክት ሊኑክስ ውስጥ የገባው በ2004፣ በ2.6.4 እትም ነው።

ለቸኮለ

የአባቶች ተረት «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» ይላል። እኛ ዘጠኝ ቀን ለቀምን። ፍጥነት ማለት ቶሎ ቶሎ መጫን ይመስለን ነበር። እነዚህን ቁልፎች የፈጠሩት ሰዎች ግን ቶሎ የሚባል ነገር አልነበራቸውም። በሰከንድ 10 ፊደል፣ ሲደላቸው 30። የሚቆጥቡት እያንዳንዱን ምት ስለሆነ ከመጫናቸው በፊት ያስቡ ነበር። በዲያል አፕ ሞደም ጭርታ ያደገ ሰው፣ አንድ ገጽ እስኪከፈት ሻይ የጠጣ ሰው፣ ይህን ከማንም በላይ ሊገባው ይገባ ነበር። እኛ ግን ፈጣኑን መስመር ስናገኝ የዘገምተኛውን ጥበብ ጣልነው።

ቁልፎቹን በቃል መያዝ ይጠቅማል። ከዚያ በላይ የሚጠቅመው ግን ለምን እንዲያ እንደሆኑ መጠየቅ ነው። በቃል የያዘ ሰው ያልያዘው ቁልፍ ሲገጥመው ይደነግጣል። ምክንያቱን የሚያውቅ ግን ማሽኑ ዝም ሲል «ምን ብዬው ነው?» ብሎ ራሱን ይጠይቃል። በዚያ ሌሊት ከሦስታችን አንዳችንም ይህን አልጠየቅንም። ዝም ያለውን ሁሉ የሞተ አድርገን ቆጠርነው።

በአሁኑ የሥራ ቦታችን ከኮምፒውተሩ ጠርዝ ላይ ትንሽ ወረቀት ለጥፈናል። በእጅ የተጻፈች ናት፤ እትዬ እንዳሉት ገመድ ቢነቀልም አትጠፋም። እንዲህ ትላለች፦ «ሞተ ከማለታችሁ በፊት ኮንትሮል-ኪው በሉት።»

ቸር እንሰንብት።